ልብ ውስጥ የተተከለ በር
ከፎቶግራፍ ቁራጮች ራሱን የሚደጋግም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ስለ መሥራት

እንደሚታወቀው በአገራችን አንድ ሕፃን ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ የሚወሰድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚህ የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ከመካከላችን አንዱ ወደ ቤቱ ስልክ ቢደውል፣ የሰባት ዓመቱ የእኅቱ ልጅ በማግስቱ እንጥሉ ሊቆረጥ መሆኑን ሰማ። ጓደኛችን ደንግጦ ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ ፔኒሲሊንና ስለ ልብ ቫልቭ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳ። እናቱ በትዕግሥት ካዳመጡት በኋላ፣ «ልጄ፣ ጉሮሮና ልብን ምን አገናኛቸው?» አሉት። እርሱም መልስ አጣ። መልሱን በትምህርት ቋንቋ እንጂ በእናቱ ቋንቋ አያውቀውም ነበርና።

ይህ ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። እኛ ሦስት የሕክምና ተማሪዎች ተሰብስበን፣ በስልክ የሚላክ፣ ማንበብ የማይጠይቅ፣ ራሱን እየደጋገመ የሚታይ አጭር ሥዕል ለመሥራት ተነሣን። አሠራሩ ሙያም ሆነ ገንዘብ ስለማይጠይቅ፣ በእርሻም ሆነ በምሕንድስና ለተሰማሩ አባሎቻችን ይጠቅማል ብለን እነሆ እናቀርባለን።

ሀ/ ሊነገር የተፈለገው ጉዳይ

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚድን ነው። ነገር ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ የሚመጣው በጊዜ ካልታከመ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሩማቲክ ትኩሳትን ሊያስከትል ይችላል። የሰውነት ዘበኞች ባክቴሪያውን ለመውጋት ተነሥተው የገዛ ቤታቸውን ይወጋሉ። መገጣጠሚያ ያብጣል፤ የልብ ቫልቭም ይቆስላል። የመገጣጠሚያው እብጠት ያልፋል፤ የቫልቩ ጠባሳ ግን ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በግራው ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ ነው። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም መድማትን፣ ቁስልንና መንጋጋ ቆልፍን ሊያመጣ ይችላል። በአንጻሩ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን የተጀመረለት ልጅ ከዚህ ጣጣ ሊድን ይችላል።

ለ/ የጥበቡ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1832 ቤልጂጋዊው የፊዚክስ ሊቅ ዦዜፍ ፕላቶ በክብ ካርቶን ዙሪያ በመጠኑ የሚለያዩ ሥዕሎችን አስቀምጦ፣ ካርቶኑን በማሽከርከር የሚንቀሳቀስ አስመሰላቸው። ክቡ መጀመሪያም መጨረሻም ስለሌለው እንቅስቃሴው ማለቂያ አልነበረውም። ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች ደግሞ የሚቀርበን የፈረንሳዩ ሐኪም ኤትየን ዡል ማሬ ነው። የደም ሥር ትርታን በወረቀት ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ የሠራው ይህ ሰው፣ በ1882 በሴኮንድ 12 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጠመንጃ መሰል ካሜራ ሠርቶ የወፎችን በረራ አጥንቷል።

የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ሥዕል ማገናኘትን በሰፊው ያስታወቁት ደግሞ ሱሪያሊስቶች ናቸው። በ1924 በፓሪስ መግለጫቸውን የጻፈው አንድሬ ብረቶን ሕክምና ያጠና የነበረና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአእምሮ ሕሙማን ዘንድ ያገለገለ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ጂአይኤፍ የተባለው የሥዕል ፋይል በ1987 ኮምፒዩሰርቭ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የወጣ ሲሆን፣ ሳያቋርጥ እንዲደጋገም የተደረገው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

ሐ/ አሠራሩ

1ኛ/ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። የእኛው «ልብ በር ያለው ቤት ነው፤ በሩ ካልገጠመ የገባው ይመለሳል» የሚል ነበር። ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካላለቀ፣ በአንድ ሴኮንድ ሥዕልም አያልቅም።

2ኛ/ ፎቶግራፎቹን መሰብሰብ። ለማስተማሪያ የሚያገለግል የፕላስቲክ ልብ፣ ከአገር ቤት የተላከልን የአንድ አሮጌ የእንጨት በር፣ እንዲሁም የጀበና ፎቶግራፍ አገኘን። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ልቡን ያነሣነው ብርሃን ከግራ ሲመጣ፣ በሩ ግን ከቀኝ ሲመጣ የተነሣ ነበር። በሩን እንደ መስታወት ምስል ገልብጠን አስማማነው። ጥላው ከተስማማ፣ ዓይን ልብ ውስጥ የተተከለ በርንም ይቀበላል፤ ጥላው ካልተስማማ ግን እውነተኛው ነገር እንኳ ሐሰት ይመስላል።

3ኛ/ መቁረጥና መደራረብ። ጊምፕ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ተጠቀምን። ፕሮግራሙ ሥዕልን በሌየር ይይዛል፤ ሌየር ማለት እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት አንዱ በሌላው ላይ የሚነጠፍ ገጽ ነው። ከሥር ግድግዳው፣ በላዩ ልቡ፣ በልቡ ላይ ጥቁር ክፍተት፣ ከዚያ በሩ፣ በመጨረሻም ስስ ጥላ ይደረደራል። የተቆረጠውን ጠርዝ ጥቂት ማለስለስ ይገባል፤ አለበለዚያ በመቀስ የተቆረጠ ጋዜጣ ይመስላል።

4ኛ/ እንቅስቃሴውን መከፋፈል። ስምንት ሥዕል አዘጋጀን። ከ1ኛው እስከ 3ኛው በሩ ዝግ፣ በ4ኛው ገርበብ ያለ፣ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ወለል ብሎ የተከፈተ፣ በ8ኛው ተመልሶ ገርበብ ያለ ነው። የነበረን አንድ የበር ፎቶግራፍ ብቻ ቢሆንም ስፋቱን እያጠበብን፣ ወደ ተመልካቹ የሚመጣውን ጠርዝ ጥቂት እያስረዘምን አስከፈትነው። እያንዳንዱ ሥዕል ለአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይቆያል፤ ስምንቱ በአንድነት 0.8 ሴኮንድ ይሆናሉ። ይህም በደቂቃ 75 ጊዜ፣ ማለት ያረፈ የጤነኛ ሰው ልብ ትርታ ነው።

5ኛ/ መጋጠሚያውን መሰወር። የሚፈሰው ነገር ሳያቋርጥ እንዲፈስ፣ ጠብታዎቹን እኩል በ80 ነጥብ አራርቀን በእያንዳንዱ ሥዕል 10 ነጥብ ዝቅ አደረግናቸው። ከስምንት እርምጃ በኋላ እያንዳንዱ ጠብታ ከፊቱ በነበረው ጠብታ ቦታ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህም ዙሩ የት እንደ ጀመረ ማንም አያውቅም።

6ኛ/ ማስቀመጥ። ጂአይኤፍ በአንድ ሥዕል ከ256 ቀለም በላይ አይዝም፤ ግማሽ የሚያሳልፍ ጥላም አያውቅም። ስለዚህ ሌየሮቹን አስቀድሞ ለየሥዕሉ አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። የአገር ቤት ዘመዶቻችን ለኢንተርኔት የሚከፍሉትን በማሰብም ስፋቱን ወደ 480 ነጥብ አሳነስነው።

የታመመውን ልብ ለማሳየት ይኸው ሥራ ተደገመ፤ ነገር ግን በሩ ጠባሳ ወጥቶበት ከ1ኛው እስከ 3ኛውም ሳይገጥም ይቀራል፤ የገባውም ወደ ላይ ይመለሳል።

መ/ የሠራናቸው ስሕተቶች

የመጀመሪያው ስሕተት የሙያ ነበር። መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ይገጥም ዘንድ 1ኛውን ሥዕል ገልብጠን 9ኛ አድርገን ጨመርነው። በውጤቱ ልቡ በየዙሩ ቆም እያለ አነከሰ፤ ያሳየነውም አንድ የላይኛው ክፍል ተማሪ «ይህ በሽተኛማ የልብ ምቱ ይዛባል» ብሎ ሳቀብን። የመጨረሻው ሥዕል ከመጀመሪያው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የቀረ መሆን እንዳለበት የተማርነው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ግን የባሰ ነበር። በመጀመሪያው ሥዕላችን ወደ ልቡ የሚቀዳው ከጀበና የሚወርድ ቡና ነበር። እኛ ለእናቶች ቅርብ የሆነ ነገር መረጥን ብለን ተደስተን ነበር። ሥዕሉ በደረሰ ማግሥት የጓደኛችን አክስት ደውለው፣ «ቡና ልብ ይሰብራል ነው የምትሉን? ይኸው ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» አሉን። ስለ ጉሮሮ አንድም ቃል አላነሡም። ጀበናውን በእንስራ፣ ቡናውን በውኃ ለወጥን፤ ከእንስራውም አጠገብ ጉሮሮውን በእጁ የያዘ ልጅ አስገባን። እንግዳ ሥዕል ዓይንን ይይዛል፤ ነገር ግን የያዘውን ዓይን ወዴት እንደሚወስድ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ሠ/ ጥንቃቄ

የበሽተኛ ፎቶግራፍ፣ ፊቱ ቢሸፈንም እንኳ፣ ያለ ፈቃድ መቁረጥና መቀጠል አይገባም። የእኛው ሥዕል ላይ ያለው ልጅ የአንድ አባላችን ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ወላጆቹም እርሱም ፈቅደዋል። በተጨማሪም ተመልካቹ እውነተኛ ፎቶግራፍ እንዳይመስለው ሥዕሉ የተቀነባበረ መሆኑን፣ ከሥሩም «ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ» የሚለውን ጻፍንበት። በሽታውን የሚለየው ባለሙያ እንጂ ሥዕል አይደለምና።

ሥዕሉ ለመጀመሪያው ልጅ አልደረሰለትም። እኛ ስለ ጥላና ስለ ጠብታ ስንጨቃጨቅ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የልጁ እንጥል ግን በማግሥቱ ተቆርጦ ነበር። ደግነቱ ብዙ አልደማም፤ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ እብጠትና የትንፋሽ ማጠር እንዳይመጣበት እናቱ እንድትጠባበቅ ነግረናት ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳው ታይቷል። ሥዕሉን ደግሞ አያቱ በሰፈራቸው የቡና ሰዓት ለጎረቤቶቻቸው አሳዩት። ከጎረቤቶቹ አንዷ ልጇን ለእንጥል ቆራጭ የቀጠረችበትን ቀን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

አንድ ልጅ ቁጥር አይሆንም፤ ነገር ግን ለስምንት ሥዕል የሚበቃ ምክንያት ነው። ከእርሻ፣ ከውኃ ምሕንድስናና ከሌሎች ክፍሎች ያላችሁ አባሎች፣ በየሙያችሁ በስልክ ማስረዳት ያቃታችሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ብታመጡ፣ በሩን አብረን እንተክለዋለን።