አለቱ ምን ያህል ውሃ ያሳልፋል?

ሃይድሮሊክ ኮንዳክቲቪቲ አለት ወይም አፈር ውሃን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያሳልፍ የሚገልጽ ልክ ነው፤ በጉድጓድ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በሜትር በቀን ይጻፋል። መሠረቱን የጣለው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው የአሸዋ ሙከራ ነው። ልኩ ተጋንኖ ከተገመተ ጉድጓዱ ከሚሰጠው በላይ የሚስብ ፓምፕ ይገጠማል፤ ውሃው ከፓምፑ በታች ይወርዳል፣ ሞተሩ ይቃጠላል፣ መንደሩም ወደ ወንዙ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ግምት የሚገኘው ከቁፋሮ ናሙና ነው። አሸዋው ደርቆ በወንፊት ይነፋና ከክብደቱ 10 በመቶው ብቻ የሚያልፍበት የቅንጣት መጠን ይለያል። በሄዘን ቀመር ይህ መጠን በሚሊሜትር ተለክቶ በራሱ ሲባዛ ግምቱን በሴንቲሜትር በሰከንድ ይሰጣል። መጠኑ 0.3 ሚሊሜትር ከሆነ ውጤቱ 0.09፣ ማለትም በቀን 78 ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ የቁፋሮው ፈሳሽ ደቃቁን አጥቦ ሊወስደው ስለሚችል ግምቱ ወደ ላይ ያጋድላል።

በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ቀመሩ ብዙም አያገለግልም። ለአዲስ አበባ ውሃ የሚሰጠውን የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ጨምሮ በብዙ ቦታ ውሃው የሚገኘው በአሸዋ ሳይሆን በባዛልት ስንጥቅና በቀዳዳማ ስኮሪያ ውስጥ ነው። እዚህ አስተማማኙ መንገድ የፓምፕ ሙከራ ነው።

ፓምፑ በማይለዋወጥ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ለ24 ወይም ለ72 ሰዓት ይስባል። ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው የጥልቀት መለኪያ (ዲፕ ሜትር) ጫፍ ውሃ ሲነካ ድምፅ ያሰማል፤ ጥልቀቱም መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ኋላ እየተራራቀ ይመዘገባል። የውሃው ዝቅታ ከጊዜው ሎጋሪዝም ጋር ሲነደፍ ነጥቦቹ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋሉ። ኩፐርና ጃኮብ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳዩት ስሌት የፍሰቱ መጠን በ0.183 ይባዛል፤ ከዚያም ጊዜው 10 እጥፍ ሲሆን በሚጨምረው ዝቅታ ይካፈላል። በሰከንድ 10 ሊትር፣ ማለትም በቀን 864 ሜትር ኩብ ተስቦ ዝቅታው 2 ሜትር ከጨመረ፣ የንብርብሩ ሙሉ ውፍረት የማስተላለፍ አቅም በቀን 79 ካሬ ሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ንባብ በጉድጓዱ ቧንቧ (ኬዚንግ) ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ስለሚያሳይ አይቆጠርም። ፓምፑ ከቆመ በኋላ የሚለካው የውሃው መመለስ ከጄኔሬተር መዋዠቅ ነጻ ስለሆነ ውጤቱን ያጣራል፤ ሠራተኛው ሲደክም የሚዘለለው ግን ይኸው ንባብ ነው።

አቅሙ በውፍረት ሲካፈል ኮንዳክቲቪቲው ይወጣል። ውሃ በሚያስገባው ባለ ቀዳዳ ቧንቧ (ስክሪን) 30 ሜትር ርዝመት ከተካፈለ በቀን 2.6 ሜትር ነው፤ ውሃው የሚመጣው ከ6 ሜትር ስኮሪያ ብቻ ከሆነ ግን 13 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የቁፋሮ መዝገቡና የሙከራው ውጤት አንድ ላይ ይነበባሉ። ሙከራው የዚህን ጉድጓድ ፓምፕ ይወስናል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ደግሞ የቀጣዩ ጉድጓድ ስክሪን የት እንደሚገባ ያሳያሉ።