የዳላስ ቦንድና የነዋሪው ቃል

በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት የምትገኘው የዳላስ ከተማ መንገድ ለማደስ፣ ድልድይ ለመሥራት፣ የጎርፍ መውረጃ ለመቆፈር ወይም ቤተ መጻሕፍት ለማነጽ ስትነሣ፣ በየዓመቱ የምትሰበስበው ግብር ለዕለት ሥራዋ እንጂ ለዚህ ሁሉ ስለማይበቃት፣ ቦንድ በሚባለው የብድር ሰነድ ከባለገንዘቦች ትበደርና ዕዳውን ከነወለዱ ለብዙ ዘመን በቤትና በመሬት ላይ ከሚጣለው ግብር ትከፍላለች። ኢትዮጵያዊ ቦንድ ሲባል ፈጥኖ ትዝ የሚለው ለዓባይ ግድብ የገዛው ሰነድ ነው፤ በዚያ ግን አበዳሪው ሕዝቡ ራሱ ነበር፣ በዳላስ ግን ሕዝቡ የሚቆመው በተበዳሪው ወገን ነው። ዕዳ ከፋይ የሆነ ሁሉ ዕዳው ስለ ምን እንደሚገባ የመናገር መብት ሊኖረው ይገባል፤ ቤት የሌለው ተከራይም ቢሆን፣ ባለቤቱ የሚከፍለው ግብር በኪራዩ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚደርሰው፣ ከዚህ ዕዳ ውጭ አይደለም።

ከተማይቱ ነዋሪዋን የመጠየቅ ልማድ ያዳበረችው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በጎዳናዋ ላይ ተገድለው ስሟ በዓለም ፊት ባደፈበት ወራት ከንቲባነቱን የተረከቡት ጄ. ኤሪክ ጆንሰን «ዓላማዎች ለዳላስ» በተባለ መርሐ ግብር ነዋሪዎች እየተሰበሰቡ ስለ ከተማቸው መጻኢ ዕድል እንዲመክሩ አደረጉ፤ ይህን ተከትሎም በ1967 የ175 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ለሕዝብ ቀርቦ ጸደቀ። ዛሬ የከተማው ምክር ቤት የሚሰበሰብበት፣ አይ. ኤም. ፔይ የነደፉትና በ1978 የተከፈተው፣ ፊቱን ወደ አደባባዩ ያዘነበለው ማዘጋጃ ቤት የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

ነዋሪው ቃሉን የሚያሰማባቸው ሥፍራዎች ብዙ ቢሆኑም ክብደታቸው አንድ አይደለም፤ ይህንንም ባለማወቅ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደክሙ ብዙዎች ስለ ሆኑ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ስለ ቦንድ የሚያስበው የምርጫው ቀን ሲደርስ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ለድምፅ ሰጪው የሚቀርብለት፣ ለመንገድ ወይም ለመናፈሻ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር መበደርን መደገፉን ወይም መቃወሙን የሚጠይቅ ጠቅላላ ቃል እንጂ፣ የትኛው ጎዳና እንደሚጠረግና የትኛው ሰፈር እንደሚቀር የሚያስመርጥ ጥያቄ አይደለም። ይህ የሚወሰነው አስቀድሞ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያዎች በከተማው የጎደለውን ሁሉ ከመዘገቡበት ሰፊ ዝርዝር ውስጥ ጥቂቱን ለማውጣት በሚቀመጡበት ወራት ነው። ዝርዝሩ አንድ ቦንድ ሊሸከም ከሚችለው እጅግ የበዛ በመሆኑ፣ የሰፈሩ ጎዳና በመዝገቡ ውስጥ መኖሩን ጠይቆ ያልተረዳ ነዋሪ፣ በምርጫው ቀን የቱንም ያህል ማልዶ ቢሰለፍ፣ ዋናው ምክር ያመለጠው ሰው ነው።

በ2024 ለሕዝብ የቀረበው የ1.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ይህን በግልጽ ያሳያል። ምርጫው ከመድረሱ በፊት የምክር ቤቱ ሹማምንት ከነዋሪው መካከል የመረጧቸው ሰዎች በኮሚቴ ተሰብስበው፣ ስለ መንገድ፣ ስለ መናፈሻ፣ ስለ ጎርፍ መከላከያ፣ ስለ ሕዝብ ሕንፃዎችና ስለ መኖሪያ ቤት በንኡሳን ኮሚቴዎች ተከፋፍለው መከሩ፤ በከተማው 14 ወረዳዎችም ያለው ሕዝብ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠየቀ። በመጨረሻ ከተመደበው ገንዘብ 521.2 ሚሊዮኑ ለመንገድ፣ 345 ሚሊዮን ያህሉ ለመናፈሻ ሲሆን፣ ስለ መኖሪያ ቤት የሚሟገቱት 200 ሚሊዮን ጠይቀው ያገኙት 26.4 ሚሊዮን ነበር። መሰማት ማለት የለመኑትን ሁሉ መቀበል አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም፤ ሆኖም በእኔ እምነት፣ ያ ገንዘብ እንኳ ራሱን ችሎ በአንድ የምርጫ ጥያቄ ሥር ለመቆም የበቃው ስለ ድሆች መጠለያ ሳይታክቱ የተናገሩ ሰዎች በመኖራቸው ነው።

ከኮሚቴው ቀጥሎ ያለው ደጅ የምክር ቤቱ ጉባኤ ነው። የቴክሳስ የክፍት ስብሰባዎች ሕግ በ2019 ሲሻሻል፣ በአጀንዳ በተያዘ ጉዳይ ላይ ለመናገር የሚሻ ማንኛውም ሰው፣ ጉባኤው ጉዳዩን ከመመርመሩ በፊት ወይም በመመርመር ላይ ሳለ እንዲሰማ ደነገገ፤ ሹማምንቱም በአደባባይ መተቸታቸውን ሊከለክሉ እንደማይችሉ አከለበት። በዚሁ ድንጋጌ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማከብረው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም ጉባኤው በአንድ ጊዜ የሚያስተረጉም መሣሪያ ካልተጠቀመ በቀር፣ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ለሌላው ከተፈቀደው ጊዜ ቢያንስ እጥፍ ይሰጠው የሚል ነው። ለሌላው 3 ደቂቃ ከተፈቀደ ለእርሱ 6 ይሆናል ማለት ነው። በዳላስና በአጎራባቿ በጋርላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ይልቁንም ልጆቻቸውን ተከትለው በእርጅና ዘመናቸው ባሕር ለተሻገሩ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕጉ ተናጋሪውን ዜጋ ነህን ወይስ መራጭ ብሎ ስለማይጠይቅ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለና ድምፅ ለመስጠት ያልበቃ ሰውም በአማርኛ ቆሞ ስለ ሰፈሩ ይመሰክር ዘንድ ይቻለዋል።

ምን ይበል? «መንገዳችን ተበላሽቷል» የሚል ቃል እውነት ቢሆንም ለመሐንዲሱ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ጎዳናው በስሙ ተጠርቶ፣ ከየትኛው መገናኛ እስከ የትኛው እንደ ሆነ ተነግሮ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውኃው የሚተኛበት ሥፍራና የእግረኛ መንገድ በማጣት ሕፃናት ከመኪና ጋር የሚጋፉበት ሰዓት ተገልጾ፣ ይኸው ሁሉ በጽሑፍ ለወረዳው ተመራጭና ለጉባኤው ጸሐፊ ቢሰጥ ግን ቃሉ ከተናጋሪው ጋር ወጥቶ አይቀርም፤ በመዝገብ ይቆያል።

ምርጫው ራሱ አጭር ነገር ነው። በ2024 ከቀረቡት 10 ጥያቄዎች ሕዝቡ 9ኙን አጽድቆ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒዩተር ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር የጠየቀውን ብቻ ሳያጸድቅ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሲነደፍ ነዋሪው ለምክር ሊጠራ ይችላል፤ ዛፍ የሚቆረጥበት፣ ወደ ቤት መግቢያ የሚዘጋበት፣ የአውቶቡስ መቆሚያ የሚዛወርበት ነገር የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ደግሞ በቴክሳስ ከተሞች ያለ ምርጫ የሚበደሩበት ሌላ ዓይነት ሰነድም አለ፤ ነገር ግን ምክር ቤቱ ከመወሰኑ ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ በጋዜጣ ማስታወቅ አለበት፣ በዚያም ጊዜ ውስጥ ከተመዘገቡት መራጮች 5 በመቶው ፈርመው ቢቃወሙ ብድሩ ወደ ሕዝብ ውሳኔ ይሄዳል። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው በሰፈር ውስጥ ሲጠፋ ይህ መብት አብሮ ይጠፋል።

በዳላስ በቦንድ ጉዳይ ረዥም ሙግት ያየው ደግሞ የትሪኒቲ ወንዝ ነው። ከመሐል ከተማው አጠገብ በሁለት የአፈር ግድቦች መካከል ለሚያልፈው ለዚህ ወንዝ፣ በ1998 መናፈሻን፣ የጎርፍ መከላከያንና መንገድን በአንድነት የያዘ የ246 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ለሕዝብ ቀርቦ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ዓመታት ሲያልፉ መንገዱ በግድቦቹ መካከል የሚዘረጋ የክፍያ አውራ ጎዳና ለመሆን በቃ፤ ብዙዎችም እኛ የፈቀድነው መናፈሻን ነው እያሉ ተነሡ። የምክር ቤት አባል የነበሩት አንጄላ ሃንት ፊርማ አሰባስበው ነገሩን በኅዳር 2007 ወደ ሕዝብ ውሳኔ ቢያደርሱትም፣ ከመራጩ 53 በመቶ ያህሉ ለጎዳናው ስለ ቆመ ተሸነፉ። ነገር ግን የተሸነፉት ዝም አላሉም። በ2009 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ግድቦቹን ብቁ አይደሉም ብለው በፈረዱ ጊዜ ክርክሩ አዲስ ኃይል አገኘ፤ ተቃዋሚዎቹም ጉባኤ በተከፈተ ቁጥር እየቀረቡ የሥራውን ዋጋ፣ የውኃውን ጠባይና በምርጫው ዘመን የተሰጠውን ተስፋ እያነሡ ተከራከሩ፤ ጎዳናውን የሚቃወሙ ሰዎችንም ለምክር ቤት መረጡ። በነሐሴ 2017 ምክር ቤቱ ለአውራ ጎዳናው ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በከፍተኛ ድምፅ አነሣ፤ ቦንዱ ከጸደቀ 19 ዓመት ሆኖት ነበር።