ወርቅ ካለበት ስብርባሪ እውነተኛ ናሙና ስለ ማውጣት

የአሮጌ ስልክና የኮምፒውተር ስብርባሪ ለዐይን ጥራጊ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ ወርቅና ብር አለበት። በጃፓን አገር ከ2017 እስከ 2019 በኤውሮጳ አቆጣጠር ወደ 79,000 ቶን የሚሆን አሮጌ መሣሪያና ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሞባይል ስልክ ተሰብስቦ፥ 32 ኪሎ ያህል ወርቅና 3,500 ኪሎ ያህል ብር ወጣለት፤ ይኸውም በ2021 በቶኪዮ ለተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ሜዳይ ሆነ።

እንዲህ ያለውን ስብርባሪ የሚሸጥና የሚገዛ ኹሉ፥ ዋጋው የሚቈረጠው ከክምሩ ተቈንጥሮ በሚመረመረው በጥቂቱ ነው። ስለ ምሳሌ፥ 10 ቶን ክምር በያንዳንዱ ቶን 150 ግራም ወርቅ ቢኖረው፥ ናሙናው ግን 200 ግራም ቢል፥ ገዢው በሌለ 500 ግራም ወርቅ ዋጋ ይከፍላል። ናሙናው ቢያጐድል ደግሞ ጉዳቱ የሻጩ ነው። ሚዛኑ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፥ ናሙናው ከተዛባ አያድንም።

የመዛባቱ ምክንያት ይህ ነው። ወርቁ በኹሉ ዘንድ እኩል አይገኝም፤ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ይበዛል፥ በላስቲኩ ሽፋን ግን የለም። ደግሞም ክምር ሲነቃነቅ ደቃቁ በቀዳዳው እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል፥ ትልልቁ ከላይ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ብቻ የዘገነ ሰው የክምሩን እውነት አያገኝም።

መድኀኒቱም እንዲህ ነው። ስብርባሪው አስቀድሞ ይደቅቃል፤ በትቢያው ውስጥ ወርቅ ይኖራልና ትቢያው አይጣልም። ከዚያ በደንብ ተደባልቆ እንደ ጕልላት ይከመራል፤ ጫፉ ተደልድሎ በመስቀል ቅርጽ በአራት ይከፈላል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ኹለቱ ክፍሎች ተወስደው የቀሩት ይተዋሉ። የተወሰደው እንደ ገና ደቅቆ፥ ተደባልቆ፥ እንደ ገና ይከፈላል፤ ናሙናው ባነሰ መጠንም ይበልጥ መድቀቅ አለበት።

በመጨረሻም ናሙናው በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለሻጭ፥ አንዱ ለገዢ፥ ሦስተኛው ታትሞ ለገላጋይ መርማሪ ይቀመጣል። መርማሪውም ከእርሳስ ጋር ያቀልጠዋል፤ እርሳሱ ወርቁንና ብሩን ይሰበስባል። ኋላም ከአጥንት ዐመድ በተሠራ ጽዋ ሲነድድ እርሳሱ በጽዋው ይመጠጣል፥ የከበረው ብቻ ይቀራል።

መምህር ይህን በትምህርት ቤት ሊያሳይ ይችላል። 900 የስንዴና 100 የባቄላ ፍሬ በአንድ ዕቃ አድርጎ ይነቅንቅ። አንዱ ተማሪ ከላይ ይዝገን፥ ሌላው ኹሉን አደባልቆ በአራት እየከፈለ ያውጣ። ባቄላው ከዐሥር አንድ መሆኑ የታወቀ ነውና፥ የማንኛቸው ናሙና ወደ እውነት እንደሚቀርብ ልጆቹ ራሳቸው ቈጥረው ይፈርዳሉ።