ቡጋንቪሊያ በሶዶ ግቢዎች

ቡጋንቪሊያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እሾሃማ ሐረግ ነው። የፈረንሳዩ የዕፅዋት ተመራማሪ ፊሊቤር ኮሜርሶን እ.ኤ.አ. በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ አካባቢ ያገኘው ሲሆን፣ ስሙ ተመራማሪው የተሳተፈበት የባሕር ጉዞ አዛዥ ከነበረው ከሉዊ አንትዋን ደ ቡጋንቪል የተወሰደ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በወላይታ ሶዶም ጭምር፣ የግቢ አጥር ማስዋቢያ ሆኗል።

ከሩቅ ዓይን የሚስበው ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቀለም የአበባው አይደለም። አንዱን ዘለላ ጠጋ ብሎ ላየው፣ እንደ ስስ ወረቀት የሚንኮሻኮሹ ሦስት ባለቀለም ቅጠሎች ይታያሉ። እውነተኛዎቹ አበቦች በእነዚህ ቅጠሎች መካከል ያሉት፣ ቱቦ የመሰሉ ነጣ ያሉ ሦስት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ቅጠሎቹ ቶሎ ስለማይጠወልጉ ድምቀቱ ለሳምንታት ይቆያል።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው የሶዶ ወይና ደጋ አየር ለዚህ ሐረግ ይስማማዋል። ቆላማው ሁምቦ ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል። ወደ ተራራው ወገብ ሲወጣ ግን ብርዱ እድገቱን ያዘገየዋል፤ ውርጭ ጨርሶ አይወድም። የወላይታ ቀይ አፈር መጠነኛ አሲዳማነት አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ውኃ የሚያቁር መሬት ነው። በዚህ ምክንያት መትከያው ከፍ ተደርጎ፣ አሸዋና ጥቂት ኮምፖስት ተቀላቅሎበት ቢዘጋጅ ይመረጣል። ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት፤ ጥላ ሥር የተተከለ ሐረግ ይረዝማል እንጂ አያብብም።

የሚራባው በቁራጭ ነው። የእርሳስ ውፍረት ካለው፣ ከጠነከረ ቅርንጫፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ቅጠሉ ተመልምሎ፣ በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ይተከላል። ሥር ለማውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥሩ ቀጭንና በቀላሉ የሚበጠስ በመሆኑ፣ ወደ መሬት ሲዛወር ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀድዶ አፈሩ ሳይፈርስ መግባት ይኖርበታል። እንደ አተር የሚጠመጠምበት ክር የለውም፤ በእሾሁ እየተንጠላጠለ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ሽቦ ወይም እንጨት ተዘርግቶ ለጋዎቹ ቅርንጫፎች ላላ ተደርገው ይታሰራሉ። ሲመቸው ከአሥር ሜትር በላይ ይዘልቃል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው እንክብካቤው ነው። ቅጠል ብቻ የሞላው ቡጋንቪሊያ ብዙውን ጊዜ የተበደለ ሳይሆን ከመጠን በላይ የተቀለበ ነው። ለእንሰቱ ግሩም የሆነው በፍግ የዳበረ የጓሮ አፈር ለዚህ ሐረግ ይበዛበታል፤ ዩሪያማ ይባስ ቅጠሉን ብቻ ያፋፋዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩ እስኪጠና ድረስ በበጋ ውኃ ማጠጣት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አፈሩ በደንብ ሳይደርቅ ደግሞ ማጠጣት አያስፈልግም። የውኃ እጥረት ተክሉን ወደ ማበብ ይገፋዋል፤ ስለሆነም ከክረምቱ ዝናብ በኋላ የሚመጡት ደረቅ ወራት የድምቀቱ ጊዜ ናቸው።

አበባ የሚይዘው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ በየዓመቱ መከርከም ይፈልጋል። ለሶዶ የሚመቸው ጊዜ የበጋው አበባ ካለፈ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር በፊት ነው። እሾሁ ስለታም፣ ፈሳሹም ቆዳ የሚያሳክክ በመሆኑ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል። ከተከረከመው ውስጥ ጠንካራ ቅርንጫፎች ተመርጠው ለአዲስ ችግኝ ይሆናሉ፤ የበልጉ እርጥበትም ሥር እንዲያወጡ ያግዛቸዋል።