በአራቱም ጎማ የሚነዳ መካከለኛ ኳድ ባይክ መግዛት ይገባልን? በተዳፋት የግጦሽ መሬት ላይ የተመሠረተ የውሳኔ ትንተና

መግቢያ

የእርሻ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ዋጋንና የሞተር ጉልበትን በማነጻጸር ነው። ኳድ ባይክ ወይም ኤቲቪ እየተባለ የሚጠራው ባለአራት ጎማ ሞተርም ከዚህ ልማድ አላመለጠም። ገዢው ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታውና ስለ አምራቹ ስም አብዝቶ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም በአራቱም ጎማ የሚነዳ ማሽን የትኛውንም አቀበት ያለ ስጋት ይወጣል በሚል እምነት ውሳኔውን ይቋጫል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እምነቱ የሚሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ማሳየትና ውሳኔው በምን ቅደም ተከተል ሊታይ እንደሚገባ ማመልከት ነው። ማዕከላዊ ነጥቡም፣ በአራቱም ጎማ መነዳት ማሽኑ ሊደርስበት የሚችለውን ተዳፋት ይጨምራል እንጂ የሚገለበጥበትን ወሰን አያሰፋም የሚል ነው።

ለትንተናው የተመረጠው ቦታ የደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ኮረብታማ የግጦሽ መሬት ነው። ምክንያቱም በዚያች አገር ኳድ ባይክ የተለመደ የእርሻ መሣሪያ ከመሆኑም በላይ፣ የሚያስከትለው የሞት አደጋ ብዙ ጥናትና አስገዳጅ የደኅንነት ደንብ እንዲወጣ አድርጓል።

የማሽኑ ምንነትና አመጣጥ

የዛሬው ኳድ ባይክ ቀዳሚ እ.ኤ.አ. በ1970 ሆንዳ ለገበያ ያቀረበው ባለሦስት ጎማ ሞተር ነው። ሱዙኪ በ1982 ባለአራት ጎማውን አስከተለ፤ ሆንዳ ደግሞ በ1986 በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ፎርትራክስ 350 አቀረበ። ባለሦስት ጎማው በቀላሉ የሚገለበጥ በመሆኑ፣ በ1988 በአሜሪካ መንግሥትና በአምራቾች መካከል በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት የአዲሶቹ ሽያጭ እንዲቆም ተደርጓል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የሚዛን ጥያቄ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተወለደ ጥያቄ ነው።

«መካከለኛ» የሚለው መጠሪያ የገበያ እንጂ የሕግ ክፍፍል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ይዘታቸው ከ400 እስከ 600 ሲሲ የሆኑትን ይመለከታል። ለምሳሌ ያማሃ ኮዲያክ 450 የሚባለው 421 ሲሲ ሞተር ሲኖረው፣ በፊት መጫኛው 40፣ በኋላ መጫኛው ደግሞ 80 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሸከም ተፈቅዶለታል። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ለሥራ የተሠሩ በመሆናቸው አብዛኞቹ ነጂው እንደ መሬቱ ሁኔታ በሁለት ወይም በአራት ጎማ እንዲነዳ የሚያስችል ማዞሪያ አላቸው።

አደጋውና ደንቡ

የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን ደንቡ በወጣበት ወቅት እንደገለጸው፣ በአገሪቱ በኳድ ባይክ አደጋ በየዓመቱ በአማካይ 16 ያህል ሰዎች ይሞቱ ነበር፤ በየቀኑም ስድስት ያህል ሰዎች ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሄዱ ነበር። ከሞት ምክንያቶች ውስጥ ዋነኛው ማሽኑ ተገልብጦ ነጂውን ከሥሩ መያዙ ነው። ኳድ ባይክ እንደ መኪና ጣሪያና የደኅንነት ቀበቶ የለውም፤ ክብደቱ ደግሞ 300 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ከሥሩ የተያዘ ሰው ብቻውን ሊያነሣው አይችልም።

በ2019 የወጣው የደኅንነት ደንብ በሁለት ደረጃ ተግባራዊ ሆኗል። ከጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ማሽን መገልበጥ የሚጀምርበትን ማዕዘን የሚያሳይ ምልክት እንዲለጠፍበት ተደረገ። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ደግሞ ለአጠቃላይ ሥራ የሚውሉት የነጂ መከላከያ ቅስት እንዲገጠምላቸው፣ በዘንባይ ጠረጴዛ ላይ ሲፈተኑም ወደ ጎን ቢያንስ 0.55፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢያንስ 0.8 የሚዛን ምጣኔ እንዲኖራቸው ታዘዘ። ምጣኔው የማዕዘኑ ታንጀንት ስለሆነ፣ እነዚህ ቁጥሮች በቅደም ተከተል ወደ 29 እና ወደ 39 ዲግሪ ይጠጋሉ።

አምራቾቹ ደንቡን ተቃውመዋል። መከላከያ ቅስቱ ራሱ ነጂውን ሊመታ ወይም ሊይዝ ይችላል የሚል ክርክር አቅርበዋል፤ ሆንዳና ያማሃን የመሳሰሉት ኳድ ባይክ ለአውስትራሊያ ገበያ ማቅረብ አቁመዋል። ተቆጣጣሪው አካል በበኩሉ ቅስቱ በማሽኑና በመሬቱ መካከል ለነጂው ክፍተት እንደሚፈጥር አስረድቷል። ክርክሩ በመገልበጥ ጊዜ ስለሚሆነው ነው፤ ለገዢው ግን ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ማሽኑ ወደ መገልበጫው ወሰን ምን ያህል ይጠጋል የሚለው ነው።

የሚዛን ስሌት

ማሽኑ ወደ ጎን የሚገለበጥበት ወሰን በሁለት ልኮች ይወሰናል፤ እነሱም በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት እኩሌታና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታ ናቸው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የሚዛን ምጣኔው ይገኛል። ለማብራሪያ ያህል የሚከተሉትን ልኮች እንውሰድ፦ 290 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማሽን፤ የክብደት ማዕከሉ በ45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፤ የጎማዎቹ ርቀት እኩሌታ 46.5 ሳንቲ ሜትር። ማሽኑ ብቻውን ሲቆም ምጣኔው 1.03 ይሆናል፤ ይህም 46 ዲግሪ ያህል ነው።

85 ኪሎ ግራም የሚመዝንና የክብደት ማዕከሉ በ105 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የሚያርፍ ነጂ ሲቀመጥበት፣ የጋራው ማዕከል ወደ 58.6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ምጣኔው ወደ 0.79፣ ማዕዘኑም ወደ 38 ዲግሪ ይወርዳል። በዚህ ላይ በኋላ መጫኛው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአረም መድኃኒት በርሜል ቢጨመር፣ ማዕከሉ 65 ሳንቲ ሜትር፣ ምጣኔው 0.72፣ ማዕዘኑ 36 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ጭነቱ ከአምራቹ ፈቃድ በታች መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የተፈቀደ ጭነት ማለት ማሽኑ ሊሸከመው የሚችለው ማለት ነው፤ በማናቸውም ተዳፋት ላይ ይዞት ሊሄድ ይችላል ማለት አይደለም።

ይህ ስሌት ጎማውና ሞላው የማይታጠፉ አድርጎ የሚወስድ በመሆኑ እውነተኛው ወሰን ከዚህ ያነሰ ነው። በግማሽ የተሞላ በርሜል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ ስለሚጎርፍ ወሰኑን ይበልጥ ያጠበዋል።

መታጠፍ ሲጨመር ሁኔታው ይለወጣል። 15 ዲግሪ በሆነ ደረቅና ጠንካራ ተዳፋት ላይ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ በ7 ሜትር ራዲየስ ወደ ላይ የሚታጠፍ ነጂ ከሚዛን ምጣኔው 0.73 ያህሉን ይጠቀማል። ይህ ጭነት ከሌለው ማሽን ወሰን (0.79) በታች፣ ጭነት ካለው ማሽን ወሰን (0.72) ግን በላይ ነው። በአንድ ኮረብታ ላይ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ያው ነጂ ጠዋት በባዶው ያለፈበትን መታጠፊያ ከሰዓት በኋላ በርሜል ጭኖ ላያልፈው ይችላል። ልምድ ያለው ነጂ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚተማመንበት ትዝታ የሌላ ማሽን ያህል የተለየ ነውና።

ነጂው ሰውነቱን ወደ አቀበቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢያዘነብል፣ ባዶው ማሽን ላይ ወደ 3፣ የተጫነው ላይ ወደ 2 ዲግሪ ያተርፋል። ጠቀሜታው የማይናቅ ቢሆንም፣ በአንድ እጁ የመርጫ ዘንግ የያዘ ሰው እንዲህ ማድረግ ይከብደዋል።

በአራቱም ጎማ መነዳት ምን ይለውጣል?

አቀበት ሲወጣ ማሽኑን የሚገታው አስቀድሞ የጎማና የመሬት ሰበቃ ነው። የሰበቃው መጠን 0.6፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች ርቀት 125 ሳንቲ ሜትር፣ በኋላ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ክብደት በሜዳ ላይ 55 በመቶ ነው ብንል፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ ባዶ ማሽን በ25 ዲግሪ ገደማ መንሸራተት ይጀምራል። በአራቱም የሚነዳው እስከ 31 ዲግሪ ይወጣል። ወደ ኋላ የሚገለበጥበት ወሰን ግን ለሁለቱም እኩል 44 ዲግሪ ያህል ነው። በርሜሉ በኋላ ሲጫን ይህ ወሰን ወደ 37 ይወርዳል።

እንግዲህ በሁለት ጎማ የሚነዳው ባዶ ማሽን ሲቆም ከመገልበጫው 19 ዲግሪ ይርቃል፤ በአራት ጎማ የሚነዳው የተጫነ ማሽን ግን የሚርቀው 6 ዲግሪ ብቻ ነው። አንድ ድንጋይ ወይም በድንገት የተሰጠ ነዳጅ ይህን ልዩነት ሊያጠፋው ይችላል። የመጀመሪያው ማሽን መንሸራተቱ ለነጂው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያውን አዘግይቶበታል።

ይህ ማለት በአራቱም ጎማ መነዳት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በክረምት በረግረግ፣ በበር አካባቢ በከብት በተረገጠ ጭቃና በወንዝ መሻገሪያ ማሽኑ እንዳይያዝ ያደርጋል። ቁልቁለት ሲወርድም የሞተሩ መግቻ ኃይል በአራቱም ጎማዎች እንዲሠራ ያግዛል። በመሆኑም ተጨማሪው ዋጋ የሚከፈለው ለጭቃ ሊሆን ይገባል፤ ለተዳፋት ብሎ የሚገዛው ሰው ግን አደጋን በገንዘቡ እየገዛ ሊሆን ይችላል።

የዋጋ ስሌት

ዋጋም ቢሆን በመግዣው ብቻ አይለካም። ለምሳሌ በ12,000 የአውስትራሊያ ዶላር የተገዛ ማሽን ከስምንት ዓመት በኋላ በ4,000 ይሸጣል ብንል፣ በየዓመቱ 1,000 ዶላር ያረጃል። ነዳጅ፣ ጥገና፣ ጎማና ኢንሹራንስ 800 ቢሆኑ ዓመታዊ ወጪው 1,800 ይደርሳል። ማሽኑ በሳምንት ሁለት የሥራ ሰዓት የሚያተርፍ ከሆነ የተረፈው አንድ ሰዓት 17 ዶላር ያህል ያስወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያተርፍ ከሆነ ግን 69 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ለጥቂት ሳምንታት በእግር ወይም በመኪና ለሚሠራው ሥራ የሚያጠፋውን ሰዓት በማስታወሻ ቢይዝ ከማናቸውም የሽያጭ መግለጫ የተሻለ መረጃ ያገኛል።

ውሳኔው በቅደም ተከተል

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ውሳኔው በአራት ጥያቄዎች ሊመራ ይችላል። አንደኛ፣ ሥራው የሚሠራበት እጅግ ገደላማው ቦታ ስንት ዲግሪ ነው? ይህ በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ሊታወቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ በዚያ ቦታ ላይ ምን ጭነት ይያዛል? ሦስተኛ፣ የሚነዳው ማን ነው? ማሽኑ ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊነዳው፣ ለአንድ ሰው በተሠራው ላይም ሌላ ሰው ሊፈናጠጥ አይገባም። አራተኛ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ያተርፋል? የሞተር ይዘትና የአምራች ምርጫ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። 40 ሄክታር የግጦሽ መሬት ያለው ገበሬ አጥር ለመቃኘት፣ በጎች ለማሰማራትና በተዳፋቱ ላይ የሚስፋፋውን የብላክቤሪ ቁጥቋጦ መድኃኒት ለመርጨት ማሽን ይፈልጋል እንበል። አጥሩና መንገዱ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ መሬት ላይ ካለፈና ክረምቱ ጭቃማ ከሆነ፣ መከላከያ ቅስት የተገጠመለት በአራቱም ጎማ የሚነዳ መካከለኛ ማሽን ተገቢ ግዢ ነው። ብላክቤሪው የሚበቅለው ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነው ገደል ላይ ከሆነ ግን፣ ለመርጨቱ ሥራ ይህ ማሽን መልስ አይደለም። በርሜሉን በሜዳው ላይ አቁሞ በረጅም ጎማ ቱቦ መርጨት፣ ወይም በጀርባ በሚታዘል መርጫ በእግር መሄድ ይሻላል። የሥራው ብዛት የሚፈቅድ ከሆነ የደኅንነት ቀበቶና የመገልበጥ መከላከያ ቤት ያለው፣ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የእርሻ ተሽከርካሪ ሊታሰብ ይችላል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ቀበቶው እስከታሰረ ድረስ ነጂውን ከውስጥ ይይዘዋል።

መደምደሚያ

ኳድ ባይክ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ የመሬት፣ ቀጥሎ የጭነት፣ ከዚያም የሰው ጥያቄ ነው። የተመለከትነው ስሌት ውስብስብ መሣሪያ አይፈልግም፤ የጎማዎችን ርቀት፣ የክብደትን ከፍታና የተዳፋቱን ማዕዘን ማወቅ ይበቃል። ልኮቹ በየማሽኑ ቢለያዩም አካሄዱ በማናቸውም ተዳፋት እርሻ ላይ ሊሠራበት ይችላል። መሬቱን ለክቶ የተወሰነው ሥራ በእግር ይሠራ ብሎ የሚወስን ገዢ፣ ማሽኑን ቢገዛም ባይገዛም፣ የስሌቱን ዋና ጥቅም አግኝቷል።