ነብር፣ አጋዘን፣ ቀይ ቀበሮ፦ የአርሲ ደጋ አራዊትና አዕዋፍ ስያሜ በትርጉም ሥራ

ስለ ዱር አራዊት የተጻፉ የውጭ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እንግሊዞች «ታይገር» የሚሉትን አውሬ ምን ብለን እንጥራው የሚል ነው። የብዙዎች መልስ «ነብር» ነው። ይህ መልስ ምን ችግር እንደሚያስከትል ለማሳየት ከአሰላ በላይ በተዘረጉት በጭላሎ፣ በገላማና በካካ ተራሮች እንዲሁም በሙኔሳ ደን የሚኖሩትን እንስሳት ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ነብር በግእዝ ነምር፣ በዕብራይስጥ ናሜር፣ በዐረብኛ ነሚር ነው። የሴም ቋንቋዎች ይህን ስም ከጥንት ጀምሮ ለዥንጉርጉሩ አውሬ ሰጥተውታል፤ የአርሲ ኦሮሞም ይህንኑ አውሬ ቄራንሳ ይለዋል። ታይገር ግን ቆዳው ባለ ጭረት፣ አገሩም እስያ ብቻ ነው፤ በአፍሪካ ምድር በዱር አይገኝም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት በልጆች ተረት ውስጥ ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በሕግ ጽሑፍ ግን እንዲህ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.አ.አ. በ1989 የገባችበት፣ ለመጥፋት በተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለቱን አውሬዎች ለየብቻ ይዘረዝራል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ነብር» ካለ፣ ቆዳ የተያዘበትን ሰው የሚከስሰው ዐቃቤ ሕግ የትኛውን እንደሚጠቅስ አያውቅም።

አንዳንዶች ችግሩን ለማቃለል ታይገርን ነብር፣ ነብርን ደግሞ ግስላ ያደርጋሉ። ይህ ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ነው። ግስላ በአዳኞችና በአለባበስ ሥርዓት ቋንቋ ከጥቁሩ ነብር ጋር የተያያዘ ስም ስለሆነ፣ ለሩቅ አገር አውሬ ቦታ ለመልቀቅ ሲባል የአገሩን አውሬ ከስሙ ማፈናቀል አይገባም። ጎሪላንና ካንጋሮን በስማቸው እንደተቀበልን ሁሉ «ታይገር»ንም እንዳለ ብንቀበለው ይሻላል እንላለን። ገላጭ ስም የሚፈልግ ቢኖር «የእስያ ባለ ጭረት ነብር» ማለት ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ለመዝገበ ቃላት መፍቻ እንጂ ለመነሻ ቃልነት ረጅም ነው።

በአርሲ ደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ስም ግን የአጋዘን ነው። በአስታ ቁጥቋጦና በደጋው ደን የሚውለው፣ ወንዱ ጠምዛዛ ቀንድ ያለው ትልቅ እንስሳ በአማርኛ የደጋ አጋዘን ይባላል። አጋዘን ብቻውን ሲነገር የቆላውን፣ ቀንዱ በብዙ የተጠመዘዘውን እንስሳ ያመለክታል። የውጭ ሊቃውንት የደጋውን ያወቁት ዘግይተው ነው፤ አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.አ.አ. በ1908 ከአርሲ ተራሮች ወሰደ፣ ሪቻርድ ሊደከር ደግሞ በ1910 በሳይንሳዊ ስም መዘገበው። ሊደከር በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ የጠራው «ነቁጣማው አጋዘን» በሚል ትርጉም ነበር፤ ይህም ከአማርኛው ስያሜ ጋር የሚስማማ ነው። ኋላ በእንግሊዝኛ የጸናው «የተራራ ኒያላ» የሚለው ነው። ኒያላ ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ፣ የዚያ አገር እንስሳ ስም ነው፤ የኋለኞቹ የዘረ መል ጥናቶችም ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች አለመሆናቸውን አሳይተዋል። እንግዲህ በ1969 ዓ.ም. በዐሥር ሳንቲም ላይ ምስሉ የተቀረጸውን የራሳችንን እንስሳ የቅርብ ዘመዱ ባልሆነ እንስሳ ስም የምንጠራው ለምንድን ነው? «ኒያላ» በማስታወቂያ ሰሌዳና በድርጅት ስም ስለ ገነነ ከአገልግሎት ይውጣ አንልም። በቃላት መዝገብ ግን መነሻ ቃሉ «የደጋ አጋዘን» ሆኖ «ኒያላ» ወደዚያ የሚመራ ይሁን።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ19ኛው መቶ ዓመት ለአገራችን እንስሳት ስም ሲያወጣ ከሰዉ አፍ ወሰደ፤ ጉሬዛ፣ ጭላዳ፣ ዋልያና ብሆር ዛሬም በላቲኑ ስም ውስጥ ይነበባሉ። ጉሬዛ በአርሲ ደኖችም አለ። የእኛን ቃል ዓለም ተውሶት ሳለ አንዳንድ ተርጓሚ «ኮሎበስ ዝንጀሮ» ብሎ ሲመልስልን ማየት የሚያስገርም ነው።

ቀይ ቀበሮን በሚመለከት ነገሩ ይጠናል። እንግሊዝኛው አንድ ጊዜ «የስሜን ቀበሮ» ሲል ቆይቶ፣ እ.አ.አ. በ1994 የወጣ የዘረ መል ጥናት እንስሳው ለተኩላ ወገን እንደሚቀርብ ካሳየ ወዲህ «የኢትዮጵያ ተኩላ» በሚለው ጸንቷል። ይህ ለእንግሊዝኛ የሚስማማ እርማት ነው። በአማርኛ ግን ተኩላ በቅዱሳት መጻሕፍት ትርጉም የበግ ጠላት የሆነው አውሬ፣ በአዳኞች አፍ ደግሞ በመንጋ የሚያድነው ዥንጉርጉሩ የዱር ውሻ ነው። «ተኩላን ጠብቁ» የሚል ጽሑፍ በገላማ ላይ ቢለጠፍ እረኛው የሚረዳው በጎቹን ከተኩላ እንዲጠብቅ ነው! ቀይ ቀበሮ ግን በዋነኛነት የሚመገበው የደጋውን አይጥና ፍልፈል ነው። ኦሮምኛው ጄዳላ ፈርዳ፣ ማለትም «የፈረስ ቀበሮ» ይለዋል፤ የምትወልድ ባዝራ እየተከተለ እንግዴ ልጁን ይበላል ከሚባለው የተነሣ ነው። ስለዚህ የአገሩ ስም የእንስሳውን ጠባይ ይናገራል፣ የጥናቱ ስም ዝምድናውን። «ቀይ ቀበሮ» ይጽና፤ ዝምድናው በመፍቻው ይነገር፤ ጄዳላ ፈርዳም ከጎኑ ይመዝገብ።

ስለ አዕዋፍ የምንለው አጭር ነው። አማርኛ ከሁሉ አስቀድሞ ወፍንና አሞራን ይለያል፤ «በርድ» የሚለውን ቃል ባየ ቁጥር «ወፍ» የሚጽፍ ተርጓሚ ጥንብ አንሣን ወፍ ያደርገዋል። አጥንት ከከፍታ ወደ ዐለት ጥሎ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራ ደግሞ አንዳንዶች ከጀርመንኛው ስም ተነሥተው «የጠቦት አሞራ» ብለውታል፤ ስሙ ጠቦት ይነጥቃል ከሚል የቆየ ሐሜት የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከንስር ቀጥሎ ገዲ የሚባል አለ፤ በዚያ ቦታ ያለው የዕብራይስጥ ስም «ሰባሪ» ማለት ሲሆን ብዙ ተንታኞች ይህንኑ አሞራ ነው ይላሉ። ገዲን ከተኛበት ማስነሣት አዲስ ከመፍጠር ይቀላል።

ለቁራ ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለም። በአርሲ ደጋ የሚታየውና በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚኖረው ወፍራም ምንቃሩ ከሌሎቹ ቁራዎች የሚለየው ነው፤ ሩፔል በላቲን ያወጣለትም ስም ይኸው «ወፍራም ምንቃር» የሚል ነው። በአገሩ ሰው ዘንድ ቁራ ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው እርሱ ስለሆነ፣ ቅጽል የሚያሻቸው ሌሎቹ ናቸው።