ሥዕሉ ለገዢው፣ ጨዋታው ለሁላችን

በገበያ ቀን ማለዳ ጎብዬ ላይ የቆመ ሰው፣ ገበያ ማለት መሸጥና መግዛት ብቻ አለመሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል። ከዞብል ተራራ ሥር ፍየሉን እየነዳ የመጣው ገበሬ፣ ፍየሉን ከመሸጡ በፊት ዝናቡ የት የት እንደ ጣለ ይጠይቃል። ማሽላዋን በጣሳ የምትሰፍረው ሴት፣ እጇ ሲሰፍር ጆሮዋ የሠርጉንና የለቅሶውን ወሬ ይለቅማል። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያልፈው ሚኒባስ ለአምስት ደቂቃ ሲቆም እንኳ ወሬ አውርዶ ወሬ ጭኖ ይሄዳል። የገዛም ያልገዛም፣ ገንዘብ ይዞ የመጣም ባዶ እጁን የመጣም፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጨዋታ ይዞ ይመለሳል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያነሣሁት ስለ ማሽላ ለመጻፍ አይደለም። ስለ ሥዕል ገበያ፣ ይልቁንም በሥዕል ገበያ መካከል ስለሚደረገው የአደባባይ ውይይት ለመጻፍ ነው። ነገሩ ከጎብዬ እጅግ የራቀ ይመስላል። ግን ወደ መጨረሻው እንደምናየው ከደጃችን ደርሷል።

የሥዕል ገበያ ምን ዐይነት ገበያ ነው?

በዛሬው ዓለም በታላላቅ ከተሞች በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት የሚቆም የሥዕል ገበያ አለ። ከየአገሩ የመጡ የሥዕል ማሳያ ቤቶች በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቦታ ተከራይተው፣ የየራሳቸውን ሠዓሊዎች ሥራ ይሰቅላሉ። ባለጠጎችና ሙዚየሞች ይገዛሉ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረው ገበያ ከሁሉም የታወቀ ነው። በለንደንም ፍሪዝ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሯል።

ይሁንና ወደነዚህ ገበያዎች ከሚገባው ሕዝብ የሚበዛው ገዢ አይደለም፤ ተመልካች ነው። ስለዚህ ከመደብሮቹ አጠገብ ወንበር የተደረደረበት ክፍል ይዘጋጃል። በዚያም ሠዓሊው፣ ጸሐፊውና የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ከሕዝብ ፊት ተቀምጠው ይወያያሉ። አንድ አወያይ ነገሩን ይመራል፤ መጨረሻ ላይም ከተሰብሳቢው መካከል የፈለገ እጁን አውጥቶ ይጠይቃል።

እኛን በይበልጥ የሚመለከተው፣ ቱሪያ ኤል ግላዊ የተባሉ የሞሮኮ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን ያቋቋሙት ገበያ ነው። ወይዘሮዋ የሠዓሊው የሐሰን ኤል ግላዊ ልጅ ናቸው። የገበያው ስም «አንድ ለሃምሳ አራት» ማለት ሲሆን፣ አንዲቱን አህጉር አፍሪቃንና 54 አገሮቿን ያመለክታል። ከለንደን ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2015 በኒው ዮርክ፣ በ2018 ደግሞ በማራኬሽ ተከፍቷል።

ኤል ግላዊ ገበያውን ሲከፍቱ የውይይቱን ክፍል የሰጡት ለነጋዴ አልነበረም፤ ለካሜሩን ተወላጇ ለኮዮ ኩዎ ነበር። ኩዎ በዳካር የሥነ ጥበብ ማእከል አቋቁመው ሠዓሊውንና ምሁሩን ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ናቸው። ለተከታታይ ዓመታት የለንደኑን ጉባኤ መርተዋል። በኋላም በኬፕ ታውን የታላቁ የዛይትስ ሙዚየም ሹም ሆኑ፤ ቀጥሎም የ2026ቱን የቬኒስ ኤግዚቢሽን እንዲያዘጋጁ ተመረጡ። ነገር ግን ሥራቸው ተፈጽሞ ሳያዩ በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከርሳቸውም በፊት ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር በጀርመን አገር በካሰል ከተማ የሚደረገውንና ዶኩሜንታ የተባለውን ኤግዚቢሽን እንዲያዘጋጁ ሲመረጡ፣ ሰው ያልጠበቀውን አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥዕሉ ከመሰቀሉ በፊት በቪየና፣ በኒው ዴልሂ፣ በሴንት ሉሲያ ደሴትና በሌጎስ ጉባኤዎች አስደረጉ። ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ፍትሕና ስለ ዕርቅ፣ ስለ አፍሪቃ ታላላቅ ከተሞች ምክክር ተደረገ። አምስተኛው መድረክ ሥዕሉ ራሱ ነበር። ውይይቱ የሥዕሉ ማጣፈጫ ሆኖ አልመጣም፤ ቀድሞ መጣ።

በእርግጥ ይህን ሁሉ በየዋህነት ማየት አይገባም። ገበያ ገበያ ነው። ስመ ጥር ምሁር በአደባባይ ያወሳው ሠዓሊ ሥራው በማግስቱ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ሻጩም ውይይቱን ይወደዋል። ቢሆንም በሥዕሉና በውይይቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ሥዕሉ ሲሸጥ ወደ አንድ ሰው ቤት ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። ንግግሩ ግን አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ የሰማው ሁሉ ገንዘብ ነው። ዛሬማ ተቀርጾ በስልክ ስለሚታይ፣ በጎብዬ መብራት ባለበት ሌሊት እኔም ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

በእኛ አገር

ስለ ሥዕል መከራከር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1957 ካቋቋሙ በኋላ፣ በሐረር የተወለዱት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን አገር ከኮሎኝ ትምህርታቸውን ፈጽመው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራቸውን ባሳዩ ጊዜ ብዙ ተመልካች ግራ ተጋባ። የሰው መልክ በግልጽ የማይታይበት፣ ቀለሙ ብቻውን የሚናገርበት ሥዕል ነበርና፣ አንዱ የፈረንጅ ቅጂ ነው ሲል ሌላው ደግሞ አዲስ ዘመን ነው አለ። ክርክሩ ሠዓሊውን አልጎዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ሸለማቸው፤ ዛሬም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስማቸው ይጠራል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ውይይቱ ሰፍቷል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩት የአዲስ አበባ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ከኤግዚቢሽኑ ጋር ንግግርና ምክክር ያዘጋጅ ነበር። አዲስ ፋይን አርት የተባለው የሥዕል ማሳያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ የኢትዮጵያን ሠዓሊዎች ወደ ዓለም ገበያ አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ የራሷን አዳራሽ ከፍታ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥራ አሳየች።

እንግዲህ መድረኩ አለ፤ ተናጋሪውም አለ። ጥያቄው፦ ጠያቂው ማን ነው? የሚል ነው።

የዋጥሁት ጥያቄ

ይህን የምጽፈው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። በአዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ውይይት ወዳለበት አዳራሽ ገባሁ። ሥዕሉ ቀን ሠራተኛ ሴቶች ድንጋይ ተሸክመው የሚያሳይ ነበር። ተናጋሪዎቹ ሁሉም ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ቅርጽ፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ታሪክ ብዙ ተባለ። በውስጤ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፦ «እነዚህ የተሳሉት ሴቶች ሥዕሉን አይተውታል?» የምትል። እጄን እስከ ትከሻዬ አነሣሁ። ግን «ምን የማያውቅ ሰው ነው!» እንዳልባል ፈርቼ፣ ፀጉሬን እንደሚያክ ሰው አስመስዬ መለስሁት።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። በሌላ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። በዚህ ቆላ ማሽላ በጉድጓድ ይቀመጣል፤ ጉድጓዱ ውሃ የገባው እንደ ሆነ ግን ባለቤቱ ከፍቶ እስኪያይ ድረስ መበላሸቱን አያውቅም። የእኔም ጥያቄ እንደዚሁ ሆዴ ውስጥ ስትበላሽ ቆየች።

ከአንባቢዎቼ መካከል ተማሪውም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት የሚያገላብጠው ወጣት ጸሐፊ ይህን ስሜት ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። በስብሰባ ላይ ጥያቄ አለኝ ብሎ አጠገቡ ላለው ጓደኛው ብቻ የሚያንሾካሹክ ስንቱ ነው?

ሥዕሉ ጎብዬ ሲደርስ

የኋላ ኋላ አስተማሪ ሆኜ ጎብዬ መጣሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ለመሞከር አሰብሁ። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የጎረቤታችን የወልድያ ተወላጅ ናቸው። ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ዘንድ ተምረዋል፤ በሶቪየት ኅብረት ትምህርታቸውን ቀጥለዋል፤ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚል ስም በተከታታይ የሣሏቸው ሥዕሎች የጉሊት ሴቶችን ያሳያሉ። ሴቶቹ ሸቀጣቸውን ከፊታቸው ዘርግተው፣ አንዳንዶቹ ቆመው አንዳንዶቹ ቁጢጥ ብለው ይታያሉ። እነዚህ ሥዕሎች በአዲስ ፋይን አርት በኩል ባሕር ተሻግረው በውጭ አገር ታይተዋል።

ከነዚህ የአንዱን ምስል ወልድያ ወጥቼ በወረቀት አሳተምሁና ክፍል ውስጥ ለጠፍሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ትምህርት አልሰጠሁም፤ ጠየቅሁ ብቻ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ከፊታቸው ያለው ሽንኩርት ነው ወይስ ድንች?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ፍርሀቱም በዚያው ለቀቀ። አንዱ እግራቸው መሬት የረገጠ አይመስልም አለ። ሌላው መልካቸው የደከመ ነው ሲል፣ አንዷ «አልደከሙም፤ ኮርተው ነው» ብላ ተከራከረችው።

በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሥዕሉ ሲሸጥ ገንዘቡን ማን እንደሚወስድ ጠየቀ። ብዙ ጊዜ ሠዓሊውና ማሳያ ቤቱ እኩሌታ እንደሚካፈሉ ነገርሁት። «ለተሳሉት ሴቶችስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ በአዲስ አበባ የዋጥኋት ጥያቄ ታናሽ እኅት መሆኗን ግን ወዲያው ዐወቅኋት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወረቀቱን ጠቅልዬ ወደ ጉሊቱ ወሰድሁት። የአንዲት ተማሪዬ እናት እዚያ ሽንኩርት ይሸጣሉ። «እትዬ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ» አልኋቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀበሉኝ፤ ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ከሴቶቹ በአንዷ ላይ ጣታቸውን አድርገው፣

«ወላሂ ይችስ ገና አልሸጠላትም» አሉ።

«በምን ዐወቁ?»

«የሸጠች ሴት እንዲህ አትቆምም፣ መምህር። የሸጠችማ ወደ መንገዱ ታያለች፤ ቤቷን ታስባለች። ይች የምታየው ሰው ሰው ነው።»

በዙሪያው የነበሩት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አንዷ ስሕተት ነው፣ ይች ሴት ዕዳ ያለባት ናት አለች። ሌላዋ እንዲህ ያለ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ገበያ የሚወጣ የለም ብላ ሠዓሊውን ወቀሰች። «ያክብራቸው ብሎ ነዋ!» ብላ አንዷ መለሰችላት። በለንደኑና በባዝሉ ጉባኤ ስለ ታሪክና ስለ ቀለም ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሸጣ ይሆን ወይስ አልሸጠላትም ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ይህን መጠየቅ የሚችለው ከጉሊት ውሎ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ተነሥቼ የምለው እነዚያ ጉባኤዎች ከንቱ ናቸው አይደለም። ከኩዎና ከኤንዌዞር የተማርሁት፣ ሥዕልን ለገዢው ብቻ መተው እንደማይገባ ነው። ነገር ግን እነሱ በሩን ከከፈቱት፣ መግባት የእኛ ፈንታ ነው።

ለዚህም ከባዕድ የምንበደረው ሥርዓት ብዙ አይደለም። የራያ ቆቦ ሽማግሌዎች ደም የተቃቡትን በዘወልድ ሲያስታርቁ፣ ተቀምጦ መነጋገርን ከሁሉ ያስቀድማሉ። ከዞብል ወዲያ ያሉት የአፋር ወንድሞቻችን በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በዳጉ ይለዋወጣሉ፤ በዳጉ ውሸት መናገር ነውር ነው። የተመለከቱትን በትክክል መናገር፣ የሌላውን ጨርሶ መስማት፦ ስለ ሥዕል ለመነጋገርም ከዚህ የበለጠ ሕግ አያስፈልግም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት በዚህ መንገድ ሲሄድና ሲመለስ፣ እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ዝም ማለትን ለምዷል። ስለራሱ እንዲናገር ቢጠየቅ የማይደፍር ልጅ፣ ስለ አንዲት የተሳለች ሴት ሲጠየቅ ግን ብዙ ሲናገር አይቻለሁ። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ አስተማሪ የሆንህ፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የምትሠሪ፣ ገና በትምህርት ላይ ያለህ ሁሉ፣ አዳራሽና በጀት እስኪገኝ አትጠብቁ። አንድ ሥዕል፣ አንድ ሰዓትና በአማርኛ የሚመራ አንድ አወያይ ይበቃል። የመጀመሪያውም ተናጋሪ ከሁሉ ያነሰ የተማረው ይሁን፤ ምሁሩ ከጀመረ ሌላው ዝም ይላልና።

ወረቀቱ ዛሬም በክፍላችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ጠርዙ ተቀዷል፤ የሽንኩርት አፈር ነክቶታል። የዚያ ልጅ ጥያቄም ገና አልተመለሰም። እኔ ግን ወደ አዲስ አበባ ስሄድ እንዲህ ያለ ውይይት ካገኘሁ፣ በዚህ ጊዜ እጄን ከትከሻዬ በላይ አነሣለሁ።